ሞግዚት ሸረሪት፦ አዲስ ዝርያ እንዴት እንደሚታወቅና በማሳችን ዳር ስላላት ሥራ



ባለፉት ሥልጠናዎች ስለ ተምች፣ ስለ አገዳ ቆርቁርና ስለ ክሽክሽ ተምረናል። ሁልጊዜ የምንነጋገረው ሰብላችንን ስለሚበላው ነው። ዛሬ ደግሞ ያንን በሊታ ስለምትበላ ፍጥረት እንማራለን። ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል። ዝናቡ ሊያልቅ ሲል የእርከን ሳር ስታጭዱ፣ ነጣ ያለ ድቡልቡል ነገር በአፏ ነክሳ ከማጭዳችሁ ፊት የምትሮጥ ረጅም እግር ያላት ሸረሪት አለች። እሷ ናት። አንዳንዶቻችሁ በጫማችሁ ጨፍልቃችኋት ይሆናል። እኔም ግብርና ሳልማር በፊት እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ከተማርኩም በኋላ ቶሎ አልተውኩትም።

ለዚህ ትምህርት እንዲመቸን «ሞግዚት ሸረሪት» እንበላት። ስሙን ያወጣሁላት ከልጆቿ አያያዝ ተነስቼ ነው። የሳይንስ ሰዎች ፒሳውሪዴ ብለው በሚጠሩት ቤተሰብ ውስጥ ትመደባለች። የዚህ ቤተሰብ አባላት በዓለም ዙሪያ ከ300 ዝርያ በላይ ናቸው፤ በአገራችንም አሉ። ትምህርቱ ሁለት ጉዳይ ይዟል። አንደኛው «አዲስ የሸረሪት ዝርያ ተገኘ» ሲባል ምን ሥራ ተሠርቶ እንደሆነ ማወቅ ነው። ሁለተኛው፣ ስም ወጣላትም አልወጣላትም፣ ይህች ሸረሪት ከማሳችን ዳር እንዳትጠፋ ምን እናድርግ የሚለው ነው። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው፤ ከሌላው ያልለየነውን ነገር ልንጠብቀው አንችልምና።

መጀመሪያ እንለያት

ፌንጣና ንብ ስድስት እግር አላቸው፤ አካላቸውም ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሸረሪት ግን ስምንት እግር አላት። ራሷና ደረቷ የተጋጠመ አንድ አካል ነው፤ ሆዷ ለብቻው ነው። ክንፍም አንቴናም የላትም። ስለዚህ ሸረሪትን ከነፍሳት ጋር አንቆጥራትም።

ሞግዚት ሸረሪት ብዙውን ጊዜ ቡናማ ወይም ግራጫ ናት። ጀርባዋ ላይ በቁመት የወረደ ፈዛዛ ወይም ጠቆር ያለ ሰንበር ሊኖራት ይችላል። እግሮቿ ከአካሏ ጋር ሲነጻጸሩ ረጃጅም ናቸው፤ ቅጠል ላይ ስታርፍ የፊት እግሮቿን አጣብቃ ወደ ፊት የምትዘረጋም አለች። አብዛኞቹ ድር ዘርግተው የሚጠብቁ አይደሉም፤ አድፍጠውና ሮጠው ነው የሚይዙት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል ለጎረቤቷ ይሁንላት፤ ይህችኛዋ በእግሯ አዳኝ ናት።

ከሌላ ሸረሪት ጋር የምትምታታው ተኩላ ሸረሪት ከሚሏት ጋር ነው። ተኩላ ሸረሪትም መሬት ለመሬት እየሮጠች ታድናለች፤ መልኳም ይመሳሰላል። ልዩነቱን ለማየት የእንቁላል ከረጢቱን ተመልከቱ። ተኩላ ሸረሪት ከረጢቱን ከኋላዋ፣ ድር ከሚወጣበት ከሆዷ ጫፍ ጋር አጣብቃ ትጎትታለች፤ ልጆቿ ሲፈለፈሉም ጀርባዋ ላይ ወጥተው ይታዘላሉ። ሞግዚት ሸረሪት ግን ከረጢቱን በመንጋጋዋ ነክሳ ከደረቷ ሥር ትይዘዋለች፤ ልጆቿንም አታዝልም። ከኋላ ከሆነ ተኩላ፣ ከፊት ከሆነ ሞግዚት ብላችሁ ያዙት። ከረጢት ባልያዘችበት ወቅት ደግሞ ዓይኗ ይለያታል፤ ለዚህ ግን አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ሁለቱም ስምንት ስምንት ዓይን አላቸው። የተኩላዋ በሦስት ረድፍ ተደርድረው ከመሃል ያሉት ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ፤ የሞግዚቷ ግን በሁለት ረድፍ የተቀመጡና በመጠን የሚቀራረቡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ፍርሃት ላንሳ። በወገብ ወይም በጎን ላይ በመስመር የሚወጣ፣ ውኃ የሚቋጥርና የሚያቃጥል ቁስል ሲያጋጥም «ሸረሪት ሸናችብኝ» የሚል ሰው አለ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሸረሪት ተገድሏል። ይህ ቁስል ብዙውን ጊዜ አልማዝ ባለጭራ የምንለው ነው፤ የሚያመጣውም ቀድሞ በኩፍኝ መሰሉ በሽታ፣ በጉድፍ፣ ሰውነታችን ውስጥ የገባ ቫይረስ ነው። ሸረሪት የለችበትም። እንዲህ ያለ ቁስል የወጣበት ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ቢደርስ መድኃኒቱ የተሻለ ይሠራለታል። ሞግዚት ሸረሪት በእጅ ከተያዘች ልትነክስ ትችላለች፤ ሰውን ፈልጋ ግን አትመጣም።

ለምን ሞግዚት አልናት?

እናቲቱ እንቁላሏን በድር ጠቅልላ ከረጢት ትሠራለች። በአንድ ከረጢት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከመቶ በላይ እንቁላል ይኖራል። ከረጢቱን ነክሳ ለሳምንታት ትዞራለች፤ አፏ ስለተያዘ እንደልቧ ማደን አትችልም። እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲቃረብ ረዘም ያለ ሳር ወይም ቅጠል ላይ ትወጣና ጫፎቹን በድር አሳስራ ትንሽ ድንኳን ትሠራለች። ከረጢቱን እዚያ ውስጥ ሰቅላ እሷ ውጭ ትቀመጣለች። ልጆቹ ከከረጢቱ ወጥተው በድንኳኑ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተጠጋግተው ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ይበተናሉ። ብዙ ትንንሽ ሸረሪቶች ቀጭን የድር ክር ለቀው በነፋስ እንደሚጓዙ ይታወቃል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሳር ላይ የሚያብረቀርቀው ክር ከዚህ ይመጣል።

ድንኳኑን ስትነኩት እናቲቱ ሸሽታ ልትጠፋ ትችላለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን በሳሩ ሌላ ጎን ተደብቃ ትመለሳለች። እኔ ያየኋት አንዷ ሦስት ጊዜ በስንደዶ ገፍቻት ሦስቴም ተመልሳለች። አራተኛውን አልሞከርኩም።

በአውሮፓ የምትኖረውና ስለ ቤተሰቡ ከሁሉ ይልቅ የተጠናችው ዝርያ ደግሞ ሌላ ወግ አላት። ወንዱ ሴቷን ሲፈልግ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ዝንብ ይይዝና በድር ጠቅልሎ ያቀርብላታል። ጥሎሽ በሉት። አንዳንዱ ወንድ የተመጠጠ ዝንብ ቅርፊት ጠቅልሎ እንደሚያቀርብም ተመራማሪዎች አይተዋል፤ ሴቷ ፈትታ እስክታየው ጊዜ ያገኛል። ከዚህ በላይ አስተያየት አልሰጥም።

«አዲስ ዝርያ» ስንል

ሬዲዮ «አዲስ የሸረሪት ዝርያ ተገኘ» ሲል ፍጥረቱ ትናንት የተፈጠረ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ለዚህ ከደገዛ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። የወሎ አርሶ አደር ደገዛን ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ክንፉ አጭር ሆኖ መብረር የማይችል፣ ጤፍና ሌላ እህል የሚያጠፋ ፌንጣ መሰል ተባይ ነው። በሳይንስ ስም ያገኘው ግን በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ዴቪድ ራግ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪ ናሙናውን መርምረው እስከዚያ ድረስ ያልተመዘገበ መሆኑን አረጋገጡና ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ አሉት። ሁለተኛው ቃል «አጭር ክንፍ» ማለት ነው። ከ1977 በፊት ደገዛ ጤፋችንን እየበላ ነበር፤ ያልነበረው በመዝገብ ላይ ነው። በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ተባይ ደግሞ አንዱ አገር ያጠናውን ሌላው ሊጠቀምበት አይችልም፤ የሁለት ቦታ ሰዎች ስለ አንድ ነገር እያወሩ መሆናቸውን የሚያውቁበት መንገድ የለምና።

የሳይንስ ስም ሁለት ቃል አለው። የመጀመሪያው የወገኑ ነው፤ ሁለተኛው የዝርያው። ጤፍን ውሰዱ። ስሙ ኤራግሮስቲስ ጤፍ ነው። ኤራግሮስቲስ ብዙ የሳር ዓይነቶች የሚጋሩት የወገን ስም ነው፤ ሁለተኛው ግን የራሳችን ቃል ነው። ዙካኚ የተባለ ጣሊያናዊ በ1775 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው በሌላ ወገን ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በ1918 ትሮተር የተባለ ሌላ ጣሊያናዊ አሁን ወዳለበት ወገን አዛወረው። «ጤፍ» የሚለው ቃል ግን አልተነካም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ወገን ሊቀየር ይችላል፣ መጀመሪያ የወጣው የዝርያ ስም ይቆያል።

ከእኛ አገር ሞግዚት ሸረሪቶች አንዷም በዚህ መንገድ አልፋለች። በ1876 እ.ኤ.አ. ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራ የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን ሸዋ ገባ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለቡድኑ ሰጡ። አንቲኖሪ በ1882 እዚያው አረፈ። ከሸዋ የተሰበሰቡትን ሸረሪቶች ፒየትሮ ፓቬዚ የተባለ የጣሊያን ሊቅ መርምሮ በ1883 በጄኖቫ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ላይ ጥናቱን አሳተመ። በዚያው ዓመት ስም ያወጣላት አንዲት ሞግዚት ሸረሪት ዛሬ ሮተስ ኤቲዮፒከስ ትባላለች፤ ሁለተኛው ቃል «ኢትዮጵያዊት» እንደ ማለት ነው። ሮተስ የሚባለው ወገን የተመሠረተው በ1898 ስለሆነ እሷም እንደ ጤፍ ከሌላ ወገን የተዛወረች ናት። በመጻሕፍት ላይ የፓቬዚ ስም በቅንፍ ውስጥ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ቅንፉ «መጀመሪያ ስም ያወጣው እሱ ነው፣ ወገኗ ግን ተቀይሯል» ማለት ነው።

በወንዝና በኩሬ ዳር የሚኖሩ፣ ውኃ ላይ ሮጠው የሚያድኑ የዚሁ ቤተሰብ አባላትም አሉ። የአንዱ ወገናቸው ስም ኒለስ ነው፤ ከአባይ ከናይል የተወሰደ ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. ኦክታቪየስ ፒካርድ ካምብሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ከግብፅ በመጣ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ሰየመው። ተከዜያችን ወደ አትባራ፣ አትባራም ወደ ናይል ስለሚገባ ስሙ ከእኛም ውኃ ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለሸረሪት በዛሬው ደንብ ተቀባይነት ያለው ስም መውጣት የጀመረው በ1757 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ካርል ክለርክ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የሚዘጋጀው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ 50,000ኛዋን ዝርያ ያስመዘገበው በ2022 ነው። ከሞግዚት ሸረሪት ቤተሰብም በ2016 በአውስትራሊያ አንዲት ዘመዷ ይፋ ሆናለች፤ ብራያን ግሪን በሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ስም ተሰይማለች። ይህችኛዋ የውኃ ዳር ሸረሪት ስትሆን ትንንሽ ዓሣና እንቁራሪት ሳይቀር ትይዛለች። ሰው በሚመላለስበት አገር፣ ዓይን በሚያያት መጠን እያለች፣ እስከ ቅርብ ዓመት ስም አልነበራትም።

ወደ ዋግ እንመለስ። ከሰቆጣ ከተማ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ፣ ተነስታችሁ በዝቋላ በኩል ጽጽቃን አልፋችሁ ተከዜ ብትወርዱ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ብርዱም ሙቀቱም ሳሩም ይለወጣል። የኢትዮጵያ ደጋዎች በጥልቅና ሞቃት ሸለቆ የተቆራረጡ ስለሆኑ በሌላ ዓለም የሌሉ ፍጥረታት ይኖሩባቸዋል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ታዋቂዎቹ ናቸው። ትልልቆቹን ሰው ቆጥሯቸዋል። ሳር ውስጥ ያሉትን ለመቁጠር ግን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ከማንም በላይ ሳር ውስጥ የምትውሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ገለጻው እንዴት ይሠራል?

ይህን ክፍል ከራሴ ስህተት ብጀምር ይሻላል። የዛሬ 12 ዓመት ገደማ ከተከዜ ዳር ስመለስ ድንጋይ ላይ ከረጢቷን ነክሳ የቆመች ትልቅ ሸረሪት አየሁ። እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም ነበር። በእጄ የነበረው ዳግም አረቄ የተረፈበት ጠርሙስ ብቻ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ከተትኳት። ጠርሙሱን ቢሮ መስኮት ላይ አስቀምጬ ረሳሁት። ከወራት በኋላ ሸረሪት የሚያጠና ሰው አግኝቼ ባሳየው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከየት ነው?» ብሎ ነው። ተከዜ አልኩት። «ተከዜ የቱ ጋ? ከፍታው? ቀኑ? ወንዱስ?» አለኝ። አንዱንም አልጻፍኩም ነበር። ሸረሪቷም ልዝዝ ብላ እግሮቿ ተበጣጥሰዋል፤ አረቄ ግማሽ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ሥጋዋን አልጠበቀውም። ምን ዓይነት እንደነበረች ዛሬም የሚነግረኝ የለም። አንዲት እናት ከነልጆቿ በከንቱ ገደልኩ ማለት ነው፤ አሁን ናሙና ስለ መያዝ ስነግራችሁ ከዚያ ቀን የተማርኩትን ነው።

ባለሙያው ሥራውን የሚጀምረው ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድና ሴት በመፈለግ ነው። የቀለም ልዩነት አያታልለውም፤ አንዱ ዝርያ ራሱ ብዙ መልክ ሊኖረው ይችላል። ሸረሪቶች በዋናነት የሚለዩት በመራቢያ አካላቸው ነው። ወንዱ ከአፉ አጠገብ ሁለት አጫጭር እጅ የሚመስሉ ነገሮች አሉት፤ ጫፋቸው አብጦ የተወሳሰበ ቅርጽ ይይዛል። የሴቷ ደግሞ ከሆዷ ሥር ነው። የአንዱ ቤት መክፈቻ የሌላውን በር እንደማይከፍት፣ የእያንዳንዱ ዝርያ ቅርጽ የራሱ ነው። ለአካለ መጠን ባልደረሰች ሸረሪት ላይ ይህ ቅርጽ አይታይም፤ ስለዚህ ግልገሏ ብትያዝ ለገለጻ አትረባም።

ከዚያ በአጉሊ መሣሪያ ሥር አካሏን በሚሊሜትር ይለካል፣ የዓይኖቿን አሰላለፍና የእግሮቿን እሾህ ይመዘግባል፣ መራቢያ አካሉን ይሥላል ወይም ያነሣል። ዛሬ የዘረ መል ምርመራም ይጨመርበታል። አድካሚው ሥራ ግን ማነጻጸሩ ነው። ዘመዶቿ ናቸው የተባሉትን ሁሉ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፉትን ጭምር፣ አንድ በአንድ ማየት አለበት። የእኛ አገር የድሮ ናሙናዎች ብዙዎቹ ያሉት በአውሮፓ ሙዚየሞች መደርደሪያ ላይ ነው፤ ለዚህም ነው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የአገሩን ሸረሪት ለማወቅ ባሕር ማዶ መጻፍ የሚገደደው። ይህ ሲቆጨኝ ይኖራል።

ከማንም ጋር ካልገጠመች ስም ይወጣላታል። ስሙ ከቦታ፣ ከሰው ወይም ከመልኳ ሊወሰድ ይችላል። ገለጻው በሳይንስ መጽሔት ይታተማል። ከናሙናዎቹ አንዷ የስሙ ባለቤት ተብላ ትመረጥና በሙዚየም ትቀመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ጥርጥር ሲነሣ ሁሉም ወደ እሷ ይመለሳል፤ ልክ ሚዛን ሲያጠራጥር ወደ ዋናው መመዘኛ ድንጋይ እንደሚኬደው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ የእንስሳት ተፈጥሮ ሙዚየም አለው፤ ናሙና በአገር ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ የለም ማለት አንችልም።

ሕጉንም እወቁ። የአገሪቱን ሕያው ሀብት ለምርምር ወደ ውጭ ለማውጣት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ተደንግጓል። አዋጁ የማኅበረሰቡን እውቀትና መብትም ይመለከታል። ስለዚህ ማንም እንግዳ መጥቶ ሸረሪትም ይሁን ዘር «ልውሰድ» ቢላችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ቀበሌውንም አሳውቁ።

በማሳችን ያላት ሥራ

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ያሉ ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ታዳኝ እንደሚበሉ ገምቷል፤ አብዛኛው ነፍሳት ነው። ሞግዚት ሸረሪትም ዝንብ፣ ትንንሽ ፌንጣና የለጋ ትል ትይዛለች። እንዳትታለሉ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በ2012 እና 2013 ዓ.ም. ያየነው ዓይነት የበረሃ አንበጣ ሲመጣ ሸረሪት ምንም አታደርግም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምችም ብቻዋን አታቆመውም። የእሷ ሥራ በደህናው ጊዜ ነው፤ ተባዩ ጥቂት ሳለ ጥቂት ሆኖ እንዲቆይ ታደርጋለች። ንብም አልፎ አልፎ ልትይዝ ትችላለች፤ ባለ ቀፎዎች ይህን ብትሉኝ አልክድም። ቀፎ የሚያራቁተው ግን መርጨት በማይገባው ሰዓት የተረጨ ኬሚካል እንጂ ሸረሪት አይደለችም።

ወደ ኬሚካሉ እንምጣ። እንደ ማላታይን ያለ ፀረ ተባይ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ትሉም ሸረሪቷም ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ግን እኩል አይደለም። የአሜሪካ ተምች በሞቃት ቦታ በወር ከጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ትውልድ ይጨርሳል፤ ሸረሪት ግን አድጋ ከረጢት እስክትይዝ ብዙ ወራት ይፈጅባታል። ስለዚህ ሳያስፈልግ የተረጨ ማሳ ላይ መጀመሪያ የሚመለሰው ጠላት ነው፤ ጠባቂው ገና በመንገድ ላይ ነው። ለዚህ ነው አሰሳ ሳታደርጉ አትርጩ የምንለው። ማሽላውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ተዘዋውራችሁ እዩ፤ የእንቁላል ክምችትና ትል ያገኛችሁበትን ተክል በእጅ ለቅማችሁ አጥፉ። መርጨት ግድ ከሆነ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተመካክራችሁ የተጠቃውን ክፍል ብቻ፣ ነፋስ በሌለበትና ንብ ወደ ቀፎዋ በገባችበት አመሻሽ ላይ ርጩ። የመርጫውን አፍ ወደ እርከኑ ሳር አታዙሩ። «ተባዩ ከሳሩ ነው የሚመጣው» ብሎ ዳሩን ጭምር የሚረጭ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ብዬ መክሬ ነበር። ተሳስቼ ነበር።

ሳሩንም በተመለከተ፣ መኖ በሚያጥርበት በእኛ አገር «ሳር አትጨዱ» ማለት እንደማይሆን አውቃለሁ። የምጠይቀው ትንሽ ነው። እርከኑን በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አትላጩት፤ አንዱን እርከን ዛሬ፣ ቀጣዩን ከሁለት ሳምንት በኋላ አድርጉት። ድንኳን የተሠራበትና እናት የምትጠብቀው ሳር ስታገኙ አንድ እርምጃ ያህል ዙሪያውን ትታችሁ እለፉ፤ ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ተመልሳችሁ ብታጭዱት ሳሩ የትም አይሄድም። ዳር ላይ ያለውን ደረቅ ሳር በእሳት ማጽዳትም ይቅር።

ማየት ማመን ነውና ራሳችሁ ሞክሩት። ከማሳችሁ ሁለት እርከን ምረጡ። አንዱን እንደ ልማዳችሁ እጨዱ፣ ሌላውን ከላይ እንዳልኩት በየተራ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት በእያንዳንዱ ላይ ሃያ እርምጃ እየሄዳችሁ ከረጢት የያዙ ሸረሪቶችንና ድንኳኖችን ቁጠሩ፤ ከእርከኑ ቀጥሎ ባለው ማሽላ ላይም በሃያ ተክል ላይ ያገኛችሁትን ትል ቁጠሩ። ቁጥሩ የእኔን ንግግር ካልደገፈ ይዛችሁ ኑና እንከራከርበት። የልማት ቡድናችሁ አባላት ልጆች ይህን ቆጠራ ከእናንተ የተሻለ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ዓይናቸው ከመሬት ቅርብ ነው።

ናሙና ብታገኙ

ያልለመዳችኋት ዓይነት ካያችሁ መጀመሪያ በስልካችሁ ከላይም ከፊትም አንሷት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ከረጢት የያዘችን ወይም ድንኳን የምትጠብቅን እናት አትያዙ። መያዝ ካስፈለገ በሰፊ አፍ ብልቃጥ ያዟት፤ በእጅ አይሆንም። የምትቀመጠው በፋርማሲ በሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ነው። አረቄ አይሆንም፤ የእኔን ጠርሙስ አስታውሱ። ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ኑ፤ ከዚያ ለሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል እንዲደርስ እንጠይቃለን።

ወረቀቱ ከብልቃጡ ውስጥ ይግባ። ከውጭ የተለጠፈ ወረቀት ይረግፋል፣ በእስክሪብቶ የተጻፈውንም አልኮሉ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ በእርሳስ ጻፉ። የሚጻፈውም እንዲህ ነው፦ ዋግ ኽምራ፤ ወረዳው፣ ቀበሌውና ጎጡ፤ ከፍታው በሜትር፣ ስልካችሁ የሚያሳይ ከሆነ፤ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፤ የተገኘችበት ቦታ፣ ማለትም የእርከን ሳር፣ የማሽላ ቅጠል ወይም የወንዝ ዳር ድንጋይ፤ ሰዓቱ፤ የያዛት ሰው ስም፤ በመጨረሻም በመንደራችሁ፣ በአማርኛም ይሁን በኽምጣኛ፣ የምትጠሩበት ስም።